ለጫጩቶች ያሞቅነው ወለል

የሱቁን ቁልፍ ካስረከብኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በቧንቧ፣ በፓምፕና በቫልቭ መሐል ኖሬ አሁን ጠዋት ስነሳ የምመርጠው ነገር የለም። ስለዚህ እጽፋለሁ። በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ። ባለቤቴ ጌታነህ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ስሙን በጻፍኩ ቁጥር እስክሪብቶውን አስቀምጬ ትንሽ መቆየት አለብኝ።

የምጽፈው ግን ለልቅሶ አይደለም። እዚህ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር አንድ ነገር ተገልብጦ ሲገኝ፣ በር ወደማይገባው በኩል ሲከፈት፣ ልጅ ሸሚዙን ገልብጦ ሲለብስ፣ ሰዎች «ሹግል ጌታነህ!» ይላሉ። የጌታነህ ሥራ ማለታቸው ነው። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሲሉ ኖረዋል። ያ የተገለበጠ ሥራ ግን የጌታነህ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ይህን ስም ከእሱ ላይ ሳላነሳ ከሥራዬ መውጣት አልፈለግሁም።

ካርቱም የመጣሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው። መጀመሪያ እንደ ብዙዎቻችን ሰው ቤት ሠራሁ። አንድ ቀን ለቤቱ የሻወር ቫልቭ እንድገዛ ሱቅ ዐረቢ ወደሚባለው ገበያ ተላክሁ። ከአውቶቡሶቹ መናኸሪያ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የካርቶን ወረቀት ከዓይናቸው እያራቁና እያቀረቡ ይታገላሉ። ዐም ኢድሪስ ይባላሉ፤ ዐም አጎት ማለት ሲሆን እዚያ ትልቅ ሰው የሚጠራበት ነው።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ውኃው ከስልሳ ዲግሪ በላይ እንዳይሆን ይላል።

«ዋላሂ? እኔ እኮ ሰማንያ ይችላል እያልኩ ነው የምሸጠው!» ብለው በራሳቸው ሳቁ። «መነጽሬ ከጠፋ ቆየ። ሠራተኞቼ ደግሞ ከዋጋው ሌላ ምንም አያነቡም። ቅዳሜ ነይ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። የመኖሪያ ወረቀቴን፣ ኢቃማውን፣ በሱቁ ስም አወጡልኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ያገኘሁት ትምህርት ግን ትልቅ ነበር።

ዐም ኢድሪስ ዕቃ የሚመርጡበት አንድ ልማድ ነበራቸው። ደንበኛ መጥቶ «እንዲህ ያለ ሥራ አለብኝ» ሲል ወዲያው አይሸጡለትም። መሬት ላይ ሰሌን ያነጥፋሉ። ከዚያ ዕቃዎቹን ከመደርደሪያ እያወረዱ፣ ውኃው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ሰሌኑ ላይ ይደረድራሉ። መጨረሻ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ከሰሌኑ ጫፍ ላይ ይቆሙና «አሁን እኔ ውኃ ነኝ» ይላሉ። ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተራመዱ ይጠይቃሉ። እዚህ ጋ ምን ይደርስብኛል? ማን ይገፋኛል? ብደክም ማን ያቆመኛል? የማይመለስ ጥያቄ ከተገኘ አንድ ዕቃ ጎድሏል ማለት ነው። ሥራ የሌለው ዕቃ ሰሌኑ ላይ ከተገኘ ደግሞ በእግራቸው ገፋ ያደርጉትና «ይሄ ቱሪስት ነው» ይላሉ። በዚህ ምክንያት ሱቁ ውስጥ ማንም ሰው የማያስፈልገውን ነገር ገዝቶ አልወጣም።

ጌታነህን ያወቅሁትም እዚያ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ብዙ የማይናገር፣ እጁ ግን የሚናገር። አንድ ክርን ቧንቧ ሊገዛ መጥቶ ሦስት ቀን ተመላለሰ። በአራተኛው ቀን ዐም ኢድሪስ፣ «ያ ኡስታ፣ ባለሙያው፣ ይቺን ክርን ነው የምትፈልገው ወይስ የምታወርድልህን?» ብለው አሳፈሩን። በዓመቱ ተጋባን።

አሁን ወደ ሐጃ ዘይነብ ልምጣ። ሐጃ ዘይነብ በሐጅ ዩሱፍ የአንድ ቀን ጫጩት እየገዙ፣ ላባ እስኪያወጣ አሳድገው ለሰፈሩ ሴቶች የሚያከፋፍሉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ሱቃችን ገብተው ወንበር ሳይጠብቁ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ።

«ጫጩቶቼ በከሰል ጭስ እየታፈኑ አለቁብኝ» አሉ። «በአምፑል ሳሞቃቸው መብራት ይሄዳል። የእንስሳት ሐኪሙ ወለሉን አሙቂው፣ ሲሚንቶ ሙቀት ያስቀምጣል፣ መብራት ቢሄድም ለሰዓታት ይቆይልሻል አለኝ። እናንተ ትችላላችሁ?»

የጎረቤታችን ባትሪ ሻጭ ሰምቶ በሳቅ ፈነዳ። «ካርቱም ውስጥ ወለል ማሞቅ? ሐጃ፣ በሚያዝያ በባዶ እግርሽ ውጪና ቁሚ፤ በነጻ ይሞቅልሻል!»

«ጫጩት በሚያዝያ ብቻ አይፈለፈልም» አሉት ዐም ኢድሪስ። «በጥር የሰሜኑ ነፋስ ሲመጣ አንተ ራስህ በሁለት ጋቢ ነው የምትመጣው። ያላ፣ ዝም በል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሙሉ፣ ሰሌኑን አንጥፊ። ዛሬ መራጯ አንቺ ነሽ።»

ሙሉነሽ ነው ስሜ። ከዚያ ቀን በፊት ወረቀት አነብ ነበር እንጂ አንድን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ መርጬ አላውቅም ነበር። በዚያ ገበያ ይህን የምታደርግ ሴትም አላየሁም። ባትሪ ሻጩ መሳቁን ትቶ ሊያይ ቆመ።

መጀመሪያ ማሞቂያውን አስቀመጥኩ፤ መብራት ስለሚጠፋ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በጋዝ የሚሠራ። ዐም ኢድሪስ ጫማቸውን አወለቁ።

«ውኃ ነኝ። ከማሞቂያው ስልሳ ዲግሪ ሆኜ ወጣሁ። እንዲሁ ወለሉ ውስጥ ልግባ?»

«ጫጩቶቹን ይቀቅሏቸዋል።»

«ስለዚህ?»

«ማደባለቂያ ቫልቭ። ከወለሉ ቀዝቅዞ የሚመለሰው ውኃ ከእርስዎ ጋር ይቀላቀልና ወደ አርባ ያወርድዎታል።»

«ጎሽ። ማን ይገፋኛል?»

ትልቁን ፓምፕ አቅፌ አመጣሁ። ትልቅ ከሆነ ይበረታል ብዬ ነበር።

«ይህ ለአንድ ክፍል ወለል ነው ወይስ አባይን ወደ ኋላ ልትመልሺ ነው?» አሉ። ሐጃ ዘይነብ ሳቁ፣ እኔ ቀላሁ፣ ትንሿን አመጣሁ። በባትሪ ልትሠራ ትችል ስለነበር እሷው ትክክል ነበረች።

«ሲሞቀኝ አብጣለሁ። ወዴት ልግባ?» ሲሉ ትርፉን የሚቀበለውን ትንሹን ቀይ ጋን አቀረብኩ። «ጋኑም ቢሞላብኝስ?» ሲሉ ግፊት የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ። «አየር ተሸክሜ ብመጣስ?» ሲሉ አየሩን ብቻ የሚያስወጣውን ትንሽ ዕቃ፣ ከሁሉም ከፍ ብሎ እንዲገጠም። ወለሉ ሁለት ዙር ቧንቧ ስለሚወስድ ውኃውን የሚያከፋፍል ባለ ሁለት አፍ ማከፋፈያም ጨመርኩ።

ቧንቧው ላይ ግን እኔ አስተማርኳቸው። ሁለት ዓይነት የፕላስቲክ ጥቅል ነበረን፤ አንዱ ርካሽ፣ አንዱ ወደድ ያለ። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ወረቀታቸውን አነበብኩ። ርካሹ በቧንቧው ግድግዳ በኩል አየር ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ያስገባል፤ አየር የገባበት ውኃ ደግሞ ፓምፑንና ማሞቂያውን ከውስጥ ያዝጋል። ሌላው አየር የሚከለክል ስስ ሽፋን አለው። ዐም ኢድሪስ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሁለቱን እንደ መንታ ስሸጥ ኖርኩ» አሉ። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት ዛሬም አለ፤ አልደብቀውም።

ጌታነህ ወለሉን ሲሠራ አብሬው ሄድኩ። ከታች ሙቀቱን ምድር እንዳይበላው ፎም አነጠፈ፤ በግድግዳው ዳር ዳርም አቆመ። ከዚያ ቧንቧውን እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ከዳር ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር አዞረው። የሚሄደው ሙቅና የሚመለሰው ለብ ያለ ጎን ለጎን ስለሚተኙ ወለሉ አንዱ ጥግ ሞቆ ሌላው አይቀዘቅዝም። ርቀቱን በስንዝር ነበር የሚለካው። አንዲት መገጣጠሚያ እንኳ ከሲሚንቶ በታች አልቀበረም፤ «የተቀበረ መገጣጠሚያ ቀን ይቆጥራል» ይል ነበር። ውኃ ሞልቶ፣ ግፊት ሰጥቶ፣ የመለኪያው መርፌ ንቅንቅ ሳይል አንድ ቀን ሙሉ ካደረ በኋላ ነው ሲሚንቶ ያስፈሰሰው።

የቀረችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። የክፍሉን ሙቀት አይታ ፓምፑን የምታስነሳና የምታቆም ቴርሞስታት። ሰሌኑ ላይ አልነበረችም፤ ውኃ በእሷ ውስጥ አያልፍማ። ዐም ኢድሪስ ውኃ ሆነው ሲራመዱ አላገኟትም፤ እኔም አላሰብኳት። በመጨረሻው ቀን ወደ መሳቢያዬ ሄጄ አንዷን አነሳሁ። ወረቀቱን አነበብኩ፤ ከዜሮ እስከ አርባ ዲግሪ ይላል። ሐጃ የሚፈልጉት ሠላሳ ሁለት ነው፤ ልክ ነው አልኩ። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አላነበብኩም።

እንግዲህ አስቡት። ካርቱም ነው። በእኛ መሳቢያ ውስጥ ያሉት ቴርሞስታቶች በሙሉ ለማቀዝቀዣ ክፍል ነበሩ። እዚህ አገር ጠላት ሙቀት ነው፤ ሙቀት ሲመጣ ይነሳሉ፣ ብርድ ሲመጣ ያርፋሉ። የመረጥኳት ቴርሞስታት ክፍሉ ሲሞቅ ፓምፑን የምታስነሳ፣ ሲቀዘቅዝ የምታቆም ነበረች።

የሞከርነው እኩለ ቀን ላይ ነበር። በቆርቆሮው ጣራ ሥር ክፍሉ በራሱ ከሠላሳ አምስት በላይ ሞቋል። ፓምፑ ወዲያው ተነሳ፣ ወለሉ ሞቀ፣ ሐጃ ጫማቸውን አውልቀው በወለሉ ላይ እየተመላለሱ እልል አሉ። በዚያው ከሰዓት ሦስት መቶ ጫጩት ገባ። እኛም ኮርተን ሄድን።

በማግስቱ ጠዋት የሐጃ ጎረቤት በሪክሻ መጥቶ ጠራን። ስንደርስ ጫጩቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተከምረው ነበር። ብርድ ሲበረታባቸው ሙቀት ፍለጋ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ፣ ከሥር ያሉት ታፍነዋል። የተረፉት ስልሳ አይሞሉም። ወለሉን ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሐጃ ግቢው መሐል ቆመዋል፤ የሰፈሩ ሴቶችም ተሰብስበዋል።

«ሙቀት ብዬህ ብርድ ታመጣልኛለህ?» ብለው ጌታነህ ላይ ጮሁ። «ሌሊት ነው ወይስ ቀን ነው ጫጩት የሚበርደው? አገር ሁሉ የሚያውቀውን አታውቅም?»

ጌታነህ ካቻቢቴውን አውጥቶ የቴርሞስታቷን ክዳን ከፈተ። አየ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ቀና አለ። አፌን ልከፍት ስል፣

«እኔ ነኝ ሐጃ» አለ። «ዕቃዋን ከመሳቢያ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ተገልብጣ የምትሠራ መሆኗን አላየሁም።»

ዝም አልኩ። ብዙ ምክንያት ነበረኝ፤ ኢቃማዬ በሱቁ ስም ነው፣ መራጭ ከሆንኩ ገና መጀመሪያዬ ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን ማፈሬ ነው። ወረቀት አንባቢዋ ወረቀት ሳላነብ ቀርቼ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ለምን?» አልኩት።

«የቧንቧ ሠራተኛ ስም ይቆሽሻል፣ ይታጠባል» አለ። «ያንቺ ገና መውጣቱ ነው፣ ሙሌ። ሴት ናትና ነው ይሉሻል። እኔን ሞኝ ነው ብለው ይተዉኛል።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ንገሪያቸው። ግን መጀመሪያ አሥር ጥሩ ሥራ ሥሪ።»

ዐም ኢድሪስ ቴርሞስታቷን በእጃቸው አገላበጡ። «ማን መረጣት?» አሉ። ጌታነህ ያንኑ ደገመ። መሳቢያውን ከእኔ በቀር ማንም እንደማይከፍተው ያውቃሉ። ብቻ ከዚያ ወዲያ ሰሌኑ ላይ ውኃ ሆነው ተራምደው ሲጨርሱ ጫማቸውን አያደርጉም፤ ወደ እኔ ይዞሩና «እኔ ውኃ ነበርኩ፤ አሁን አንቺ ጫጩት ሁኚ» ይላሉ። እኔም ቁጢጥ ብዬ እጠይቃለሁ። ጎሕ ሲቀድ ነው፣ በረደኝ፤ መበረዴን ማን ያውቃል? ለማን ይናገርልኛል?

ለሐጃ ጫጩቶቹን ተካን፤ ትክክለኛዋ ቴርሞስታት ገባች። ወለሉ ከዚያ ወዲህ አንድ ጫጩት አልገደለም። እኔም ከመንገድ ላይ በረዶ ሻጭ በየጠዋቱ ቁራጭ በረዶ መግዛት ጀመርኩ። እያንዳንዷን ቴርሞስታት ከመሸጤ በፊት ከአንድ ፓምፕ ጋር አገናኝቼ ሙቀት የምታይበትን ጫፍ በረዶ ውኃ ውስጥ እነክራለሁ፤ ፓምፑ መነሳት አለበት። ከዚያ ትኩስ ሻይ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ እነክራለሁ፤ መቆም አለበት። ደንበኞች የምጠጣው ይመስላቸው ነበር። «ያ ሐበሺያ፣ ስኳር ጨምሪበት!» ይሉኛል። በረዶ ያልነካት ቴርሞስታት ከእጄ አልወጣችም።

ስሙ ግን ወጥቶ ነበር። የሐጃ አፍ ፈጣን ነው፤ በዚያው ወር «ሹግል ጌታነህ» በሰፈሩ የሚታወቅ ቃል ሆነ። ጌታነህ ሲሰማ ይስቅ ነበር። ሐጃ ቤት ለጥገና ሲሄድ፣ «መጣህ? ዛሬስ ምን ልትገለብጥ ነው?» ይሉታል፤ «እስቲ ሻይ ስጪኝና አያለሁ» ይላቸዋል።

አሥሩ ጥሩ ሥራ ሃያ ሆነ። ለሌሎች ጫጩት አሳዳጊዎች፣ ለአንድ ዳቦ ቤት ሊጥ ማሳደሪያ፣ ለአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የሕፃናት ክፍል። ዐም ኢድሪስ ሲያርፉ ሱቁን የወረሰው ልጃቸው ሰሌኑን ጠቅልሎ ጣራ ላይ ወረወረው፤ ለሁሉም ትልቁን ፓምፕ እንድሸጥ ፈለገ። አንድ ዓመት ታገስኩ። ከዚያ ሰሌኑን ከጣራ አውርጄ፣ ይዤው ወጣሁ፤ ከጌታነህ ጋር አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ የራሳችንን ሱቅ ከፈትን። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ የእኛ አገር ሰው የሆነችው ሱመያ ስምንት ዓመት አብራን ሠራች። በአማርኛ ስትናገር ግማሹን በዐረብኛ ትጨርሰዋለች፤ ዕቃ ስትመርጥ ግን ምንም አይጎድላትም። ይህ ሁሉ ሲሆን ያችን አንዲት ነገር ለመናገር «በሚመጣው ሳምንት» እያልኩ ነበር።

ጌታነህ ባለፈው ክረምት በልብ ሕመም አረፈ። ሐጃ ዘይነብ በምርኩዝ ልቅሶ ደረሱ። አቅፈውኝ አለቀሱ፤ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው፣ «ይኸው ሞትንም ገለበጠው» አሉ። «እኔ አሮጊቷ ተቀምጬ እሱ ቀደመኝ። ሹግል ጌታነህ!» በፍቅር ነው ያሉት። ሰዎች እንባቸውን እየጠረጉ ፈገግ አሉ። እኔ ግን አልቻልኩም። ሰውዬው ሬሳው ሳይቀዘቅዝ የእኔን ስህተት ተሸክሞ ሊሄድ ነው።

ሱቁን ለሱመያ ለመልቀቅ ስወስን መጀመሪያ ሐጅ ዩሱፍ ሄድኩ። ሐጃ ጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። መሳቢያውን፣ ያልተገለበጠውን ወረቀት፣ ዝምታዬን።

«አሥራ አራት ዓመት» አሉ። «አሥራ አራት ዓመት ሰውየውን በፊትሽ ስሰድበው ትሰሚያለሽ?»

«አዎ ሐጃ።»

«ሻዬን እየጠጣሽ?»

«አዎ።»

«በልቅሶው እንኳ!» ምርኩዛቸውን አነሱ፤ የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ብመታም አልሸሽም ነበር። ይቅር አላሉኝም። ምርኩዙን ወደ በሩ ጠቆሙ። «ለእኔ ብቻ አይደለም የምትነግሪው። ስሙን ያጠፋሁት ብቻዬን አይደለም። ተነሺ።»

የሰፈሩን ጫጩት አሳዳጊ ሴቶች አስጠሩ። ግቢው መሐል፣ ያን ቀን ጌታነህ በቆመበት ቦታ ቆሜ ደግሜ ተናገርኩ። አንዷ፣ «ታዲያ ጌታነህ ያጠፋው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም» አልኩ። «የእሱ ሥራ ቧንቧው ነው።»

ሐጃ ወደ ክፍሉ ገቡ። ሰጋቱራውን በምርኩዛቸው ገለጥ አድርገው፣ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ቆሙ። ጫጩቶቹ በእግራቸው ዙሪያ ተበትነው ተኝተዋል፤ ጫጩት እንዲህ ተበትኖ የሚተኛው ሲመቸው ነው። «አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አሥራ አራት ዓመት፣ አንዲት ጠብታ።»

በሱቁ የመጨረሻ ቀኔ ላይ፣ ዕቃ ቆጠራውን ጨርሰን ስንቀመጥ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ገባ። ከሐጅ ዩሱፍ ነው የመጣሁት አለ፤ ጫጩት ሊጀምር ነው። ሱመያን ቴርሞስታት ጠየቃትና ጣቱን ከፍ አድርጎ፣

«አደራሽን» አላት፣ «ሹግል ሙሉ እንዳይሆን!»

ሱመያ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። በዓይኔ ዝም በይ አልኳት።

«ሙሉ ማናት?» አልኩት።

«አላውቃትም ዋላሂ። አንዲት ሐበሺያ ናት ይላሉ፤ ዕቃ ገልብጣ የምትሸጥ» አለ። ከዚያ፣ ፍትሕ ማጉደል እንዳይሆንበት ይመስል፣ ጨመረ። «ባሏ ግን ጎበዝ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር ይላሉ። እሱ የቀበረው ቧንቧ አያፈስም።»

በረዶ ያለበትን ብርጭቆ ወደ ሱመያ ገፋሁላት። «ፈትኚለት» አልኳት። ቴርሞስታቷን ነከረች፤ ፓምፑም ተነሳ።